እንጨቱ እስኪደርቅ

በቀቀን በልታ ስትጨርስ አፏን ትጠርጋለች። መጥረጊያዋ የቆመችበት እንጨት ነው፤ ምንቁሯን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያገላበጠች፣ ቢላዋ እንደሚስል ሰው ትፈትገዋለች። የበላችው ፍራፍሬ ከሆነ እንጨቱ ላይ ስስ የጭማቂ ሽፋን ይቀራል። በማግስቱም የምትጠርገው እዚያው ነው፤ የለመደችውን ቦታ በቀላሉ አትለቅም። እኔ ቤት ሻጋታ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታየው በዚህች የአፍ መጥረጊያ ላይ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ ትንሽ ይጠቁራል፤ ጣት ሲያርፍበትም ያጣብቃል። ከዚያ በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ግራጫ ጸጉር ይወጣል። ፊት ለፊት ቢያዩት ምንም የለም፤ ጎንበስ ብለው ብርሃኑ በአግድም ሲያርፍበት ቢያዩት ግን አለ።

የቤት ወፍ ያላቸው ሰዎች ይህን ጸጉር ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ ደንግጠው እንጨቱን ይጥሉና በፕላስቲክ ይተኩታል፤ ወይ በረኪና ውስጥ ነክረው፣ ፍቀው፣ አጥበው፣ በዚያው ቀን መልሰው ይሰቅሉታል። ሁለተኞቹ ብዙም ሳይቆይ ያው ጸጉር ያው ቦታ ላይ በቅሎ ሲያገኙት መፍትሔ የሚመስላቸው በረኪናውን ማብዛት ነው። ለእኔ ሁለቱም መንገድ አይዋጥልኝም።

የፕላስቲኩ መንገድ የማይዋጥልኝ በወፏ እግር ምክንያት ነው። ከዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አንዱ ቦታ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን፣ አንዱ ጠማማ፣ ሌላው ሻካራ ነው። ወፏ በተራመደች ቁጥር አያያዟ ስለሚለወጥ ክብደቷ ሁልጊዜ በአንድ የመዳፏ ነጥብ ላይ አያርፍም። ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል የሆነ ልሙጥ ዱላ ላይ ስትውልና ስታድር ግን የሚጫነው ያው አንድ ቦታ ነው። ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ይቆስላል፤ ስታፍሎኮከስን የመሰለ ባክቴሪያ ሲገባበት መዳፏ ያብጣል። ይህ በሽታ ለማዳን ረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ ወፏንም ባለቤቷንም የሚያስጨንቅ ነው። ደግሞም ፕላስቲክ አይሻግትም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ፕላስቲኩ ራሱ ባይሻግትም ኩስና ጭማቂ ከተጋገረበት በላዩ ያለው ቆሻሻ ይሻግታል።

የሁለተኛው መንገድ ችግር ስለ ሻጋታ ካለን የተሳሳተ ሐሳብ ይነሳል። ሻጋታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቆሻሻን ነው። ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ መታጠብ አለበት። ነገር ግን ሻጋታ ለመብቀል የሚያስፈልጉት ዘር፣ ምግብ፣ ሙቀትና ውሃ ናቸው። ዘሩ ስፖር የሚባለው ነው፤ በዓይን አይታይም፣ ሰው በሚኖርበት በማንኛውም ክፍል አየር ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የፈለግነውን ያህል ብናጸዳ አናጠፋውም። ምግቡ እንጨቱ ራሱ ነው፤ በላዩ ላይ ኩሱ፣ ጭማቂውና የላባው ብናኝ ይጨመርበታል። ለወፏ የሚመቸው ሙቀት ለሻጋታውም ይመቸዋል። በእጃችን ያለው ውሃው ብቻ ነው፤ ውሃውን የምናመጣውም አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን።

ስለ ውሃው ጥቂት ቁጥር ልጨምር። ገና የተቆረጠ ቅርንጫፍ የሚይዘው ውሃ ብዙ ጊዜ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከግማሽ በላይ ነው፤ አንዳንዱ ዛፍ ከደረቅ ክብደቱ የሚበልጥ ውሃ ይይዛል። ሲደርቅ መጀመሪያ የሚወጣው በሕዋሳቱ ክፍተት ውስጥ ያለው ነው። እሱ ካለቀ በኋላ በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ይቀራል፤ ይህም 30 በመቶ ገደማ ነው። እንጨት መኮማተርና መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚህ በታች ሲወርድ ነው። ከ20 በመቶ በታች ሲደርስ እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ሥራ ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ይስማማል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ በሆነበት ክፍል 9 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል፤ 80 በመቶ በሆነበት ወደ 16 ከፍ ይላል፤ 20 የሚደርሰው አየሩ 90 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው።

ስለዚህ በተራ መኖሪያ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ ደረቅ ቅርንጫፍ ለብቻው ቢተው አይሻግትም። መቆሚያው ከሻገተ አንድ ነገር ውሃ አጠጥቶታል። ምናልባት ከመጠጫ ዕቃው የሚረጨው ይሆናል፤ ምናልባት ወፏ ታጥባ እየተንጠባጠበች የምትቆመው እዚያ ይሆናል፤ ምናልባት ፍራፍሬው ነው። ብዙ ጊዜ ግን የእኛው እጥበት ነው። ውስጡ ደረቅ ቢሆንም እንኳ ላዩ ለረጅም ሰዓት ከረጠበ ለሻጋታ ይበቃዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ውሃ ለገባባቸው ቤቶች የሚሰጠው ምክር የረጠበውን ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አድርቁ የሚል ነው፤ የክፍሉ እርጥበትም ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 ባለው እንዲሆን ይመክራል። የመቆሚያው ሒሳብም ይኸው ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተፈትጎ፣ በፎጣ ብቻ ተጠርጎ ወደ ወፏ ቀፎ የተመለሰ ወፍራም ቅርንጫፍ ለዓይን ደረቅ ቢመስልም ከሥር ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ላዩን ለማጽዳት ሲባል ውስጡን ማራስ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ሥራ ነው።

ነገሩ በብዛት የሚበላሸው ገና ከመጀመሪያው፣ ቅርንጫፉ ወደ ቤት ሲገባ ነው፤ በተለይ በቅርፊቱ ምክንያት።

ቅርፊት ዛፉ ውሃውን እንዳያጣ የሚከላከልለት ልብስ ነው፤ ስለዚህ ለማድረቅ ሲፈለግም ያንኑ ሥራውን ይሠራል። ከቅርፊቱ ሥር ልጡ አለ፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ስኳር ወደ ታች የሚወርደው በእሱ ውስጥ ነው። ከልጡ ሥር ደግሞ ዛፉ የሚወፍርበት ስስና ለስላሳ ሽፋን አለ። ቅርንጫፉ ሲደርቅ እንጨቱ በራሱ መጠን፣ ቅርፊቱም በራሱ መጠን ይኮማተራል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ስለማይሄዱ ይላቀቃሉ። በመካከላቸው ጨለማ የሆነ፣ አየር የማይዘዋወርበት፣ ግድግዳው በስኳር የተቀባ ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ የገባ ውሃ መውጫ የለውም። ከውጭ ምንም የማይታይበትን ቅርንጫፍ ቅርፊቱን ገልጬ ሥሩ በጥቁርና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሞልቶ ያየሁበት ጊዜ አለ። ሽታው ከዓይን ይቀድማል፤ ዝግ ምድር ቤት ይሸታል።

ቅርፊት ይተው ወይስ ይላጥ በሚለው ላይ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ። እኔ የምወስነው በወፏ ዓይነት ነው። ምንቁሯ ጠንካራ የሆነ በቀቀን ቅርፊቱን ራሷ ትልጠዋለች፤ ደስታዋም ሥራዋም እሱ ነው፣ ስትጨርሰው እንጨቱ ንጹሕና ክፍት ሆኖ ይቀራል። እንጨቱን አጥብቆ የያዘ ጤነኛ ቅርፊት ለእሷ ቢተውላት ጉዳት የለውም። እንጨት የማያኝኩ ትናንሽ ወፎች ግን፣ ለምሳሌ ካናሪዎች፣ ቅርፊቱን ለወራት ሳይነኩት ይኖራሉ፤ ኩሱም ውሃውም ከሥሩ ይከማቻል። ለእነሱ ልጬ እሰቅላለሁ። ለሁሉም የሚሠራው ፈተና በአውራ ጣት ጫን ጫን ማለት ነው፤ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ሲነካ ባዶ ድምፅ ካሰማ ተላቋል ማለት ስለሆነ ይውጣ። ዛፉ በሚያድግበት ወቅት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ገና ትኩስ ሳለ ልጡ በቀላሉ ይገፈፋል። ዛፉ ዕድገቱን ባቆመበት ወቅት የተቆረጠው ግን ቅርፊቱ እንጨቱን ጨብጦ ይቀራል፤ እሱን በቢላዋ ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የእንጨቱ ዓይነትም ልዩነት አለው። እንደ ወይራና እንደ ቡና ያሉ ጠጣር እንጨቶች ውሃ ቶሎ አይጠጡም። የወይን ግንድ መልኩ ያምራል፣ ጠመዝማዛነቱን ወፎች ይወዱታል፤ ነገር ግን ቅርፊቱ በቃጫ በቃጫ የተደራረበ፣ ውስጡም ቀዳዳ የሚበዛበት ስለሆነ እርጥበት ያለበት ክፍል ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ የሚሻግተው እሱ ነው። አኻያና ፖም ከመካከለኞቹ ናቸው። ከአቮካዶ ዛፍ የተቆረጠ፣ ፀረ ተባይ የተረጨበት፣ ወይም ነቀዝና ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የታከመ እንጨት ግን ወደ ወፍ አይቀርብም፤ የሚያኝክ ፍጡር ነውና።

አሁን ማድረቁ። እንጨት ውሃውን በጎኑ ከሚያወጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል የሚያወጣው ከ10 እስከ 15 እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ረጅሙን ቅርንጫፍ እንዳለ ከማስቀመጥ በሚፈለገው ልክ ቆርጦ ማድረቅ ጊዜ ያሳጥራል። ጫፎቹ መሰንጠቃቸው አይቀርም፤ ከየጫፉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትቶ ሲደርቅ መቁረጥ ነው። በአየር ለሚደርቅ ጣውላ የቆየው ግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚል ነው። አጭርና የተላጠ ቅርንጫፍ ያን ያህል አይቆይም፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው በሳምንታት፣ የክንድ ውፍረት ያለው በወራት ይደርቃል። በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ እርስ በርስ ሳይነካካ መደርደር አለበት። በፕላስቲክ ከረጢት ማስቀመጥ ሻጋታ ማርባት ነው።

መድረቁ በምን ይታወቃል? አንድ በዕድሜ የገፉ አናጢ አንዱን ከሌላው ጋር እያጋጩ በድምፁ ይለዩት ነበር። «ጋሼ፣ ይኼኛው አልደረቀም?» ብላቸው ቅርንጫፉን ተቀብለው በጣታቸው አንኳኩና «ገና ነው፤ ድምፁ ታፍኗል። ጉንጭህ ላይ አድርገው፣ ይቀዘቅዝሃል» አሉኝ። እውነትም ይቀዘቅዛል፤ ውሃው እየተነነ ሙቀት ይወስዳል። የእሳቸውን ጆሮ ያልታደልን ሰዎች ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን አለን። ቅርንጫፉን መዝኖ ክብደቱን እርሳስ ይዞ እንጨቱ ላይ መጻፍ፣ በየሳምንቱ ደግሞ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል። ይኸው ቁጥር ኋላም ያገለግላል፤ ከታጠበ በኋላ ወደዚያ ክብደት ካልተመለሰ ዓይን ምንም ቢል ገና አልደረቀም። ስለ ወፍ መቆሚያ ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ ይህን የሚያክል የለኝም።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንድ እንጨት ምን ያደርጋል ለሚል ሰው መልሱ በወፏ ደረት ውስጥ ነው። ወፍ እንደ እኛ ሳንባዋን እየነፋችና እያስተነፈሰች አትኖርም። ሳንባዋ መጠኑን ብዙም የማይለውጥ ሲሆን አየሩን የሚያመላልሱት በሰውነቷ ውስጥ የተዘረጉ ስስ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ በአብዛኞቹ ወፎች ዘጠኝ ናቸው። ወደ ውስጥ ስትስብ ከአየሩ ከፊሉ ገና በሳንባው ሳይጣራ ወደ ኋለኞቹ ከረጢቶች ይሄዳል። የከረጢቶቹ ግድግዳ እጅግ ስስ ነው፤ የደም ሥር ስለማይበዛበት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቶሎ አይደርሱለትም። በአንጻሩ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው ሻጋታ ስፖሩ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ዘልቆ ይገባል። ሙቀት ይወዳል፤ 40 ዲግሪ የሚያልፈው የወፍ ሰውነት አያስቸግረውም፣ ከ50 ዲግሪ በላይም ያድጋል። ሞቃት፣ እርጥብና አየር ያለበት ክፍል አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ማየርና ኤመርት የተባሉ ጀርመናውያን በ1815 እ.ኤ.አ. ጄይ የምትባል የቁራ ዘመድ የሆነች ወፍ ሳንባ ውስጥ ሻጋታ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። በ1863 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጌኦርግ ፍሬዜኒዩስ ባስታርድ በምትባል ትልቅ የሜዳ ወፍ የመተንፈሻ አካል ውስጥ ያገኘውን ሻጋታ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ብሎ ሰየመው፤ ሳይንስ ይህን ስም ያገኘው ከወፍ ነው። የብሪታንያ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረውም በዚሁ አተነፋፈስ ምክንያት ነው፤ መርዛማ ጋዝ ከሰው በፊት የሚደርሰው ወፏ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። ጤናማ ወፍ በየቀኑ ስፖር ትተነፍሳለች፤ አትታመምም። አደጋው የሚመጣው ስፖሩ ሲበዛና የወፏ አቅም ሲዳከም ነው። ጥሬ ብቻ እየበላች በቫይታሚን ኤ እጥረት የመተንፈሻ ቱቦዋ ሽፋን የተጎዳ፣ የተጨነቀች፣ ዝግና እርጥብ ክፍል ውስጥ የምትኖር ወፍ ተጋላጭ ናት፤ ከበቀቀኖች መካከል የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን በተለይ ትጠቀሳለች። ተቀምጣ ሳለ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ድምፅዋ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ፣ ከከሳች፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የመሄጃው ጊዜ ነው። ሕክምናው አለ፤ ነገር ግን ወራት ይፈጃል፣ ኢትራኮናዞል የተባለው መድኃኒት ደግሞ ለግራጫዋ በቀቀን ራሱ ይከብዳታል። በእንጨት ላይ ለአንድ ሳምንት መታገሥ ከዚያ ይሻላል።

በሌላ በኩል እንጨት ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም፤ ብዙ ጥሩ መቆሚያ በከንቱ ተጥሏል። የወፍ ኩስ ነጩ ክፍል የሽንቷ ዝቃጭ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ኖራ ዱቄት ይሆናል። በጥፍር ሲጫር ይፈረፈራል፣ ጸጉር የለውም። ከተላጠ እንጨት ውስጥ የሚታይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ጥላ ደግሞ እንጨቱ እርጥብ ሳለ የገባ እንጨት የሚያቀልም ፈንገስ የተወው ነው፤ ከደረቀ በኋላ እዚያው ታትሞ ይቀራል፣ አይስፋፋም፣ በጨርቅ አይለቅም። የሻጋታ ምልክት ከላይ የሚቀመጥ መሆኑ ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲያርፍበት ይቀባል፤ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ዱካ ይተዋል፤ ይሸታልም።

ሻጋታ መሆኑ ከተረጋገጠ እዚያው ክፍል ውስጥ ደረቁን አለመፈቅፈቅ ነው። ብሩሽ ሲያርፍበት ስፖሩ ይበተናል፤ ወፏም በቅርብ አለች። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በከረጢት አድርጎ ወደ ውጭ ማውጣት ይቀድማል። ወፏ ደግሞ ሌላ ክፍል ትቆይ።

በረኪናን በተመለከተ፣ ለሸክላና ለብረት ጥሩ ነው፤ ለእንጨት ያለኝ እምነት ግን አነስተኛ ነው። ክሎሪኑ እንጨቱን ራሱን ሲያገኝ ከእሱ ጋር እየተዋጋ ኃይሉን ላዩ ላይ ይጨርሳል፤ የሚሟሟበት ውሃ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የቀረው ሻጋታ ውሃ ጠጥቶ ይነሳል። ደግሞም ቀለሙን ስለሚያነጣ የሞተ ያስመስለዋል። እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቆሻሻውን በደነዘ ቢላዋ መፋቅ፤ የሻገተውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ማንሳት፤ በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላዩን ብቻ አርሶ ለ10 ደቂቃ መተው፤ በፍጥነት አለቅልቆ ማድረቅ። ፐርኦክሳይድ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ውሃና ኦክሲጅን ስለሚለወጥ ለሚያኝክ ምንቁር የሚያሰጋ ቅሪት አይተውም። ኮምጣጤም ለቀላሉ ይረዳል። ሁለቱን ግን በአንድ ዕቃ ማደባለቅ አይገባም፤ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ይወጣቸዋል። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፤ ያ ለሰውም አይበጅ።

ኦቨን የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔም ለአዲስ ቅርንጫፍ እጠቀምበታለሁ፤ ውስጡ የተደበቀ ነፍሳትም ያልቃልና። 100 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አጠገቡ ሆኖ እየጠበቁ ነው። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ እንጨቱ ከውስጥ ተቃጥሎ ይነሳል። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፦ አንዳንድ ኦቨኖችና መጋገሪያ ትሪዎች ውስጣቸው እንዳያጣብቅ በቴፍሎን መሰል ነገር የተቀባ ነው። ይህ ቅብ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ኦቨኑ በሚሠራበት ጊዜ ወፏ ከዚያ ራቅ ብላ፣ መስኮት በተከፈተበት ክፍል መሆን አለባት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደ እጥበት አለመድረስ ነው። ኩስ ሲደርቅ በቢላዋ ጀርባ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል፤ ውሃ አይፈልግም። ይህን ከክፍሉ ውጭ፣ አፍንጫ ሸፍኖ ቶሎ ቶሎ ማድረግ ነው። ውሃ የሚያስፈልገው ለሚያጣብቀው ጭማቂ ነው፤ ለእሱም በሙቅ ውሃ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። አንዱን መቆሚያ ከሌላው በላይ አለመስቀል፣ ከመጠጫው በላይ አለማድረግ፣ ፍራፍሬውን ከምትተኛበት መቆሚያ አርቆ ማስቀመጥ ሥራውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ማንም የማያየው ቦታ ደግሞ ቡሎኑ የገባበት ጫፍ ነው። ውሃ በቀላሉ የሚጠጣው የእንጨቱ ጫፍ መሆኑን ከላይ አንስቻለሁ። እዚያው ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ቡሎን ይገባበታል፤ ሮንዴላው፣ ማለትም ክብ የብረት ቀለበቱ፣ ከቀፎው ሽቦ ጋር አጥብቆ ያጣብቀዋል፤ ዳዶው ይጠብቃል። አየር አይደርሰውም። ወፏ ስትታጠብ በሽቦው ላይ የሚወርደው ውሃ እዚያ ገብቶ ይቀራል። ዳዶውን ፈትቶ ጫፉን ማየት በቂ ነው፤ መሀሉ ንጹሕ ሆኖ ጫፉ በሮንዴላው ልክ ክብ ጥቁር ቀለበት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቡሎኑ የዛገ ከሆነ ውሃው እዚያ እንደሚተኛ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። የማይዝግ ብረት ቡሎን መጠቀም፣ ለማጽዳት ሲወጣም ቡሎኑን ጨርሶ ነቅሎ ቀዳዳው እንዲተነፍስ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀፎውም ጀርባው ከግድግዳ ጋር አይጣበቅ።

እንጨቱን ቫርኒሽ ወይም ዘይት ብቀባው አይረጥብም ነበር የሚለው ሐሳብ ያጓጓል። ቫርኒሽ ይታኘካል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃ ደግሞ ከሥሩ ታሽጎ ይቀራል። የተልባ ዘይትን የመሰለ የእህል ዘይትም ለሻጋታ ራሱ ምግብ ነው። እርቃኑን ያለ እንጨት ይረጥባል፣ ነገር ግን ይደርቃል።

ለመድረቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው እርጥብ እንጨት የሚመልሰው ሰንፎ ሳይሆን ወፏ መቆሚያ አጥታ ስለሚያዝንላት ነው። ስለዚህ ሁለት ስብስብ መቆሚያ መያዝ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል፤ አንዱ ቀፎው ውስጥ ሲያገለግል ሌላው ነፋስ ላይ ይከርማል። ፀሐይ ካለ ሁሉም ገጹ እንዲያገኛት እየተገላበጠ ይሰጣ፤ ጨረሯ ላዩን ያክማል። ወደ ተጻፈበት ክብደት ሲመለስ ተራውን ይጠብቃል።

የሚጣለውን ለመለየት ጥፍር በቂ ነው። ሻጋታ ላዩን ያበላሻል፤ ጥፍር ሲጫነው ወደ ውስጥ የሚገባ፣ የሚቦካ እንጨት ግን በስብሷል፣ መሞረድ አያድነውም። ስንጥቁ ውስጥ ብሩሽም ወረቀትም የማይደርስበት ጥቁረት ያለው፣ በደንብ ደርቆም ሽታው ያልለቀቀው እንዲሁ ይሂድ። በቅሎ ለሚተካ ነገር መስገብገብ አያስፈልግም።

በቀቀን ግን አዲስ ነገር ትፈራለች። አሮጌውን አውጥቶ በዚያው ቀን አዲሱን ቢሰቅሉላት ሽቦው ላይ ተንጠልጥላ ልታድር ትችላለች። አዲሱ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከቀፎው ውጭ፣ ከምታየው ቦታ ይቀመጥ፤ ቀጥሎ ከአሮጌው ዝቅ ብሎ ይሰቀል። የእኔዋ ከመርገጧ በፊት ጫፉን በምንቁሯ ትነክሳለች፣ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ተመልሳ ትነክሳለች። ቅርፊቱን መላጥ ስትጀምር አሮጌው ሊወጣ ይችላል።